ጠመንጃ ብርድ አይወድም አሉ

እኔ ሲበርደኝ «ጋሼ፣ ይደርቡ እንጂ» ተብዬ እታለፋለሁ። ጠመንጃው ሲበርደው ግን ቤቱ በሙሉ ስብሰባ ይቀመጣል።

እዚህ ኦንታርዮ፣ ክሬሰንት ታውን፣ ከቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ጣቢያ በእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ በሚደረስበት ፎቅ፣ የእህቴ ልጅ ወደ ሃሊበርተን ለአጋዘን አደን ሊወጣ ጠመንጃ ያዘጋጃል። አንድ ጠመንጃ! ለአድዋ የተከተተው ሠራዊት እንኳ እንዲህ ያለ ዝግጅት ያየ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ዘይቱን ጠርጎ አወጣው። እኛ ጠመንጃ እየቀባን አደግን፤ እሱ ያደርቀዋል። ብርዱ ሲበረታ ዘይቱ ይወፍርና የመምቻው መርፌ ይለግማል፣ ቃታው ቢሳብም «ጠቅ» ብሎ ይቀራል ይላል። ይሁን። ጥር ላይ ከአልጋ ስነሳ እኔም ጠቅ ብዬ እቀራለሁ፤ እኔን ፈትቶ የሚጠርግ ግን አልተገኘም።

ቀጥሎ ያንን የመሰለ የእንጨት ሰደፍ አውልቆ ፕላስቲክ አለበሰው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በርሜሉን ይገፋል፣ ኢላማው ይዛነፋል አሉ። ብሎኑን ሳይቀር ልክ በሚቆጥር መፍቻ ነው የሚያጠብቀው። አባቴ የሰደፉን ስንጥቅ በጥሬ ቆዳ ጠፍሮ ዕድሜውን ጨረሰ። እኔ ደግሞ እዚህ የጠመንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ፣ ልተኩስ ብል ባለፈቃዱ አጠገቤ ቆሞ ሊቆጣጠረኝ ይገባል። ማን? ንፍጡን የጠረግሁለት ልጅ!

የኢላማው ነገር ደግሞ አያልቅም። በበጋ ሙቀት የተስተካከለ ጠመንጃ በብርድ አይታመንም። ባሩዱ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይደክማል፣ አየሩም ይወፍራል፣ አረሩ ዝቅ ብሎ ይመታል። 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አይታይም፤ 300 ሲያልፍ ግን ይገለጣል። ስለዚህ ተኩስ ሜዳ ሄዶ በብርዱ ይሞክራል። አንድ ይተኩስና በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ አንድ ጀበና ቡና የሚፈላበትን ያህል ይቀመጣል፤ አጋዘኗ የምታገኘው የቀዝቃዛ በርሜል ጥይት ነውና። ከዚያ ነፋስ መለኪያውን ያወጣል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 300 ሜትር ላይ ጥይቱን ወደ አንድ ስንዝር ይገፋዋል ሲለኝ፣ እዚህ ፎቆቹ መካከል የሚነፍሰውን ለካልኝ አልኩት፤ ባርኔጣዬን ስንት ስንዝር እንደወሰደው አውቃለሁና።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ስልኩን ነካካና፣ «ጋሼ፣ ደባርቅ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የኦንታርዮ ሐይቅ 75 ሜትር ገደማ ነው። እናንተ አገር አየሩ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ አረሩ ቶሎ አይወድቅም። የእርስዎ ተኳሽነት እኮ ግማሹ የአየሩ ነው» አለኝ። የአየሩ! ሚዳቋዋን ጧቱን ሙሉ በደረቱ እየተሳበ የተከተላት አየሩ ነው? ጉልበቱ በእሾህ የተላጠው አየሩ ነው?

የእኛ መሣሪያ ውጅግራ ነበር። ውጅግራ ፈረንሣዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በአድዋም የነበረ ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የሳተ ሰው ሁለተኛውን እስኪያጎርስ ሚዳቋዋ ተከዜን ተሻግራለች። ጥይቱም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ነፋሱን በፊታችን አድርገን እንጠጋ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ላይ የደረሰ ሰው ስለ አየር ውፍረት ምን ገዶት! ይሄ ሁሉ መለኪያ የመጣው መጠጋት የሰለቸው ሰው ሲበዛ ነው።

ደግሞስ ሥጋው? 300 ሜትር ላይ ለወደቀች አጋዘን በስመ አብ ብሎ ለመባረክ ነፍስ ሳትወጣ ማን ይደርሳል? ልጁ ለአደን የሚወጣውም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ ጾመ ጽጌ ሳይፈታ ነው። «የፈቃድ ጾም እኮ ነው ጋሼ» ይለኛል። ፈቃድ ሲባል የሚገባው ለጠመንጃው ነው፤ ለጾሙ ሲሆን ይቀልበታል።

ሲመለስም ጠመንጃው እንደ ተቆለፈ በከረጢቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ከብርድ በድንገት ወደ ሙቅ ቤት ከገባ ብረቱ ያልበዋል፣ ይዝጋል፣ መነጽሩም ጉም ይለብሳል። እኔ በረዶ ተሸክሜ ስገባ የሚባለው «ጫማዎን ያውልቁ» ነው።

ግዳይ ጥሎ መፎከርማ ተረሳ፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። በዚህ ክፍለ ሀገር አዳኝ የሚፎክረው ቅጽ ሞልቶ ነው፤ ገደልሁ ወይም አልገደልሁም ብሎ ለመንግሥት ያሳውቃል። ያልገደለም፣ ፈቃዱን ይዞ ጭራሽ ከቤቱ ያልወጣም ግዴታ አለበት። አባቴ ባዶ እጁን ሲመለስ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ይሄ ልጅ ግን ሁሉን ለክቶ፣ ሁሉን አድርቆ፣ ባዶ እጁን መመለሱን ራሱ ጽፎ ለመንግሥት ላከ፤ ደረሰኝም ሰጡት።