ማን ሞቶ ነው?

የቡድን መሪ ከሆንኩ ወዲህ «ሠራተኛህን አነቃቃ» የሚል ደብዳቤ በየሩብ ዓመቱ ይደርሰኛል። በምን እንደማነቃቃው አይነግረኝም፤ በጀትም አላያያዘም። እንደ ደንቡ «ለሚመለከተው» ብዬ እመራዋለሁ፤ የሚመለከተው እኔን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል።

ቢሯችን ያልሞከረው መድኃኒት የለም። ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ ግድግዳው ፈርሶ ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ገባን። ለባለጉዳዩ በእርግጥ ጠቅሞታል፤ ማን ቦታው ላይ እንደሌለ አሁን ከበሩ ሆኖ ያያል። ቢኤስሲ የተባለው የውጤት ምዘና ተከተለ። ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጽፉት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ደንበኛውንም፣ የውስጥ አሠራሩንም፣ የሠራተኛውን ዕድገትም አብራችሁ መዝኑ ለማለት ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ በየስድስት ወሩ የሚሞላ ቅጽ ሆነ። በቅጹ መሠረት በቡድኔ ውስጥ ከ95 በታች ያለው ሰው የለም። አንዴ 94 የሰጠሁት ልጅ ቅሬታ አስገብቶ 97 ሆኖ ተመልሷል። ካይዘን የተባለው የአሠራር ማሻሻያ ደግሞ የስቴፕለሬን ቦታ በቢጫ ፕላስተር አስከልሎልኛል። ስቴፕለሩ ተወስዷል፤ ቦታው ግን አለ።

የአመራር ሥልጠና የወሰደ ሰው ሁሉ የሃውቶርንን ታሪክ ሰምቷል። ቺካጎ አጠገብ በሚገኝ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የተደረገ ሙከራ ነው። መብራቱን ሲያደምቁት ምርት ጨመረ፤ ሲያደበዝዙትም ጨመረ፤ ሠራተኛ የሚተጋው ልብ የሚለው ሰው ሲኖር ነው ተባለ። ኋላ ቁጥሩን እንደገና የመረመሩ ሰዎች ነገሩ እንደሚወራው አይደለም ቢሉም ወሬው ቀድሟቸው ሄዷል። እኛ ዘንድማ መብራት የማብራትና የማጥፋቱ ሙከራ ለዓመታት በነፃ ሲካሄድ ኖሯል፤ ውጤቱን የሚመዘግበው ኮምፒውተር አብሮ እየጠፋ ነው እንጂ።

ይኸው ቡድን ግን ለቅሶ ሲሆን ሌላ ነው። የአንዲት ባልደረባችን እናት ያረፉ ዕለት ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የመዋጮው ወረቀት ዞሮ አልቋል። ሁላችንም «እናታችን» የምንላቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያከፋፍላሉ። «አንተ ሰርቪሱን፤ አንቺ ውኃና ለስላሳ፤ እናንተ ሁለታችሁ ዛሬ ታመሻላችሁ፤ ነገ ደግሞ እነዚያ።» በሌላ ጊዜ ሳምንት የሚፈጀው የመኪና መጠየቂያ ሦስት ፊርማ ይዞ በሃያ ደቂቃ ተመለሰ። የ94ቱ ልጅ ድንኳን ተሸክሞ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ ለእንግዳ ውኃ ሲያድል ሳየው 97 እንኳ አነሰው አልኩ።

ቅጽ የለ፣ ሥልጠና የለ፣ አበል የለ፤ ጭራሽ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው የሚሠሩት። ምሥጢሩ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለቅሶ ቤት ሥራው ለማን እንደሆነ ሁሉም ማወቁ ነው። ሐዘንተኛዋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ውኃ ቢያልቅ ማን እንደሚጠማ ይታያል። የቀረም ሰው በአሻራ ማሽን ሳይሆን በእሷ ልብ ነው የሚመዘገበው፤ ያንን ደግሞ ቅሬታ ሰሚ አይሽረውም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደመወዝና ምቾት ሲጎድል ሰው ይከፋል፣ ለሥራ የሚያነሣሣው ግን ሥራው ራሱ ነው ብሏል። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ቢያውቅ ኖሮ የደመወዙን ነገር ትንሽ ያሻሽለው ነበር። በቀረው አልጣላውም።

የዘጠኝ ወር ሪፖርት ሲደርስ ታዲያ ወደ እናታችን ሄድኩ።

«እንደ ለቅሶው አድርገው ያከፋፍሉልኝ።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም! ሪፖርት ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለዕቅድ ክፍል።»

«ክፍል ያነባል እንዴ? ሰውየው ማነው ልጄ?»

መልስ ስላልነበረኝ ፍለጋ ወጣሁ። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተመራሁ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ጋ ደረስኩ። ከምንልከው 60 ገጽ ውስጥ አባሪው ላይ ያለውን አንድ ሠንጠረዥ ትገለብጣለች፤ የተረፈውን ወደ መደርደሪያ ትሸኛለች። «የእናንተ ሲዘገይ እኔ አመሻለሁ» አለችኝ፤ «ሰርቪስ ያመልጠኛል። ሕፃን ልጅ አለኝ።»

ቡድኑን ሰብስቤ ስለ ራዕይና ተልዕኮ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ስለዚህች ልጅና ስለሚያመልጣት ሰርቪስ ነገርኳቸው። እናታችን መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ የመጋቢትን ቁጥር፤ አንቺ የቅርንጫፎቹን፤ እናንተ ሁለታችሁ ታመሳክራላችሁ።» የ94ቱ ልጅ ሳይጠየቅ አመሸ። ሠንጠረዡ ከሁለት ገጽ ማብራሪያ ጋር ከቀነ ገደቡ ቀድሞ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ሁለቱን ገጽ በእጃቸው ይዘው በአካል ከተፍ አሉ።

«የቀረው ሪፖርት የት ገባ?»

እናታችን ከመዝገባቸው ቀና አሉ።

«ቀበርነው። ዛሬ ሠልስቱ ነው።»