ዶጄ ሆይ፣ ደብዳቤዎን አይክፈቱ!

የቬኒስ መኳንንት መሪያቸውን ዶጄውን የሚመርጡት ዕጣና ድምፅ እያፈራረቁ፣ አስመራጭን በአስመራጭ እያስመረጡ ነበር። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ሰውየው ወርቀ ዘቦ ለብሶ፣ ዕድሜ ልኩን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ!

ከውጭ ነገሥታት የመጣለትን ደብዳቤ አማካሪዎቹ በሌሉበት አይከፍትም። ያለ ፈቃድ ከከተማ አይወጣም። በየዓመቱ በዕርገት በዓል ግን በወርቅ በተለበጠ መርከብ ሆኖ፣ ቀለበት ወርውሮ ባሕሩን ያገባል። ሙሽሪት ደብዳቤ አትጽፍ፤ ምን ያሰጋል?

ሞትም አይገላግለውም።

እ.ኤ.አ. በ1501 የተመረጠው ሊዮናርዶ ሎሬዳን ወደ 20 ዓመት ግድም ገዝቶ (ይቅርታ፣ ገዛ ተብሎ) በ1521 ዐረፈ። መርማሪዎች ሒሳቡን አገላብጠው «ለማዕረጉ በሚመጥን ድምቀት አልኖረም» አሉ፤ ቅጣቱም በወራሾቹ ላይ ተጣለ።