ሐተታ በእንተ ሕፃናተ ኮልፌ ወባሕረ ጣና

የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤቴል በተዘረጋው ሰፊ ግዛቱ ሲኖር፣ ባሕር የሚባለውን ፍጥረት በቅርብ ለማየት አልታደለም፤ የሚቀርበው ውሃ በክረምት ከቦዩ ሞልቶ መንገዱን የሚቈርጠው ጎርፍ ነውና ስለ እርሱ ሊቃውንት እስካሁን ድርሳን አልደረሱለትም። አገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ስለሌላት፣ ልጆቼን ታሪክ ያለበትን የውሃ ዳር ከተማ ላሳያቸው ብሎ የተነሣ የኮልፌ አባት፣ ምጽዋን ለአያቶች ጨዋታ ትቶ ፊቱን ወደ ጣና ማዞር ግድ ሆኖበታል። ጣናም በበኩሉ ከጨው ባሕር ወለል ከ1780 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ፣ 37 ደሴቶች በጉያው ይዞ፣ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለህም የሚለውን የጂኦግራፊ መምህር ማዶውን በመሰወር ብቻ ያሳፍረዋል።

የዚህ ሐተታ ዓላማ፣ ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት ያልዘለለ ሕፃናትን አስከትሎ ባሕር ዳርን መጎብኘት ይቻላልን፣ የሚቻል ከሆነስ ጎብኚው ማን ነው የሚለውን መመርመር ነው። ማስረጃው የተለቀመው የጎጃም መንገድ ሰላም በነበረበት፣ ቤተሰብም በአባዱላ ተጭኖ ዶሮ ሳይጮኽ ከኮልፌ ይወጣ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ያንን መንገድ ዛሬ የሚናፍቅ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ከታሪክ መጻሕፍት ተርታ ቈጥሮ ያንብበው።

አስቀድሞ የቀደምት መንገደኞችን ነገር ማየት ይገባል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ግሽ ዓባይ ደርሰው ምንጩን አይተዋል፤ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ዞሮ መርምሮ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። የእነዚህ ሰዎች ድርሳን ረጅም፣ ልኬታቸው ጥንቁቅ፣ ትዕግሥታቸውም የሚደነቅ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በእጃቸው ኮምፓስ እንጂ ፖፖ እንዳልነበረ አስተውሎ የጻፈ ሐያሲ አልተገኘም። ብሩስ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤንነት መጠጣቱን በኩራት ተርኳል። የአራት ዓመት ልጅ አስከትሎ ቢሆን ኖሮ ግን፣ እርሱ ጽዋውን ከማንሣቱ በፊት ልጁ ጫማውን እንዳጠለቀ ምንጩ ውስጥ በገባ፣ የናይል ወንዝ ታሪክም በዚያው ገጽ በተቋረጠ ነበር።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ከኮልፌ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ «ደረስን?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚሰማው ዊንጌት አደባባይ ላይ፣ ማለት ቤቱ ከኋላ ሊታይ ጥቂት በቀረው ስፍራ ነው። ይህ ቃል ላይ ላዩን ሲነበብ ቀላል ቢመስልም ንባቡ አንድ፣ ትርጓሜው ብዙ ነው። ደረስን አለ፤ ራበኝ ሲል ነው፤ ይህም እስከ ሱሉልታ ያለውን ይገዛል። አንድም ሽንቴ መጣ ሲል ነው፤ ይህ ከፍቼ ወዲያ የጸና ነው፤ ሾፌሩም ከአባትየው ይልቅ ይህን ትርጓሜ ቶሎ ይረዳል፣ የወንበሩ ጨርቅ የእርሱ ነውና። አንድም ወንድሜ መስኮቱን ያዘብኝ ሲል ነው። አንድም ምንም ሲል አይደለም፤ ዝም ያለ አፍ ብስኩት አይሰጠውምና ሲናገር እንዲገኝ ነው። አባት ለአራቱም የሚሰጠው መልስ «አሁን እንደርሳለን» የሚል ብቻ ሲሆን፣ ንስሓ አባቶች ይህን ቃል ከሐሰት ይቈጥሩታል ወይስ ከተስፋ የሚለው ገና ጉባኤ ይጠብቃል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ ሲወረድ አባት ትምህርት ይጀምራል፤ የሸለቆውን ጥልቀት፣ የጃፓን መንግሥት በርዳታ ያሠራውን የሕዳሴ ድልድይ፣ የጎጃምንና የሸዋን ወሰን በጣቱ እያመለከተ ያብራራል። በዚያው ሰዓት እናት ከኋላ ወንበር ላይ ከዚህ የከበደ ሥራ ላይ ናት፦ ግራ እጇ የልጁን ግንባር ደግፎ ይዟል፣ ቀኝ እጇ አፏ በሁለት ጣት የተከፈተ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል፣ ዓይኗ ደግሞ ከሾፌሩ ቀድሞ የሚመጣውን ጥምዝ ይቈጥራል። ደጀን ሲደረስ አባት ስለ ድልድዩ የሚያውቀውን ጨርሶ ተናግሯል፤ ፌስታሏም ሞልታለች። ከሁለቱ የትኛው ለጉዞው እንደ ጠቀመ ለመወሰን ሊቅነት አያስፈልግም።

ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ ለከተማይቱ ታሪክ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። አባት በዘንባባው ጥላ ቆሞ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሳ እንደ ተቋቋመ፣ ፖሊቴክኒኩም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ እንደ ተከፈተ፣ በቤዛዊት ኮረብታም የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት እንዳለ ሲናገር የሚያዳምጠው አንድ ሊስትሮ ብቻ ነው፤ እርሱም ጫማውን እየጠበቀ ነው። ልጆቹ ሆቴል ቀርተዋል። ሆቴሉ ሊፍት አለውና። የኮልፌ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤቱን ጨምሮ አምስት ፎቅ ሆኖ ሊፍት ስለማያውቅ፣ ባለ አራተኛ ፎቅ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ውሃም ዱቄትም ጋዝም በትከሻ ሲወጣ አይቶ ያደገ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሳይደክመው ሲያርግ የሚሰማውን አድናቆት የሚነቅፍ ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ጄሪካን ይዞ አራት ፎቅ ይውጣ።

ስለ ዓሣ ምሳ ብዙ አንልም። ቆሮሶው ተጠብሶ ሙሉውን ከነዓይኑ ይቀርባል፤ ልጁ ዓይኑን አይቶ ያለቅሳል፤ እናት እሾሁን በጣቷ እየለቀመች ሦስት ሰው ታጎርሳለች፤ የእርሷ ድርሻ ሲደርስ ዓሣው አልቆ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቷል።

የጥናቱ አንኳር ያለው ዘጌ ላይ ነው። በሞተር ጀልባ ተሻግረው፣ ጉማሬ እናያለን ብለው ሁለት ጆሮ ብቻ አይተው፣ በቡናው ጫካ መካከል ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በወጡ ጊዜ፣ አስጎብኚው የመቅደሱን ዙሪያ የከበቡትን በሸራ ላይ የተሳሉ ሥዕላት በቀለማቸው፣ በዘመናቸውና በአሣሣላቸው ተራ በተራ ማስረዳት ይጀምራል። አባት በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ የሚያየው ግን በስልኩ መስኮት ስለሆነ ቅዱሳኑን ሁሉ በአውራ ጣት ቁመት ነው የተሳለማቸው። ልጁ በዚህ ጊዜ ከበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ቆሞ አልነቃነቅ ብሏል።

«ምን እየበላ ነው?»

«ሰው» አለ አስጎብኚው፣ ዋሽቶ ማለፍ ለቦታው አይገባምና። «ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል።»

«ቀቅሎ ነው በጥሬው?»

አስጎብኚው አባትን አየ፤ አባት ጣራውን አየ። ሊቃውንቱ በዚህ ነጥብ ላይ የተዉልን ቃል የለም።

«ልጆቹንስ?»

«ልጆቹንም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ይገባል። በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውሃ እንዳጠጣ፣ በፍርድም ቀን ያች ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ በወጣች ጊዜ እመቤታችን ጥላዋን ጥላባት ከሰባ ስምንቱ ነፍስ እንደ ከበደች፣ እርሱም እንደ ተማረ አስጎብኚው አሳምሮ ተረከ። ልጁ ሳይተነፍስ ሰማ። በመልስ ጀልባ ላይ የላስቲክ ውሃውን ከፈተ፣ በእፍኙ ጥቂት አፈሰሰ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ አንገቱን አንቆት ለተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ አጠጣው፤ አጠጥቶም ሲያበቃ የወንድሙን ብስኩት ከእጁ ነጥቆ በላ። እናት ስትቈጣው የሰጠው መልስ «ውሃ ሰጥቼዋለሁ እኮ!» የሚል ነበር። የመጻሕፍት መምህራን ዓመታት የሚደክሙበት የምሕረትና የፍርድ ምሥጢር በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ወደ ግብር ሲለወጥ፣ ትርጓሜው ምንም ጐባጣ ቢሆን፣ ከመላው ቤተሰብ ሥዕሉን ያነበበው እርሱ ብቻ እንደ ነበረ የሚያስተባብል ማስረጃ አላገኘንም። አባት ያነሣቸው ፎቶግራፎች በብርሃን ማነስ ጠቁረዋል።

ጢስ ዓባይ በማግሥቱ ታየ። የኃይል ማመንጫው ከውሃው ብዙውን ይወስድ ስለ ነበር በበጋ ጢሱ ይሳሳ ነበር፤ ልጁም «ጢሱስ?» ብሎ ጠይቆ «መብራት ሆኗል» ሲባል፣ ኮልፌ በየጊዜው የሚጠፋው መብራት ከዚህ የሚመጣ መሆኑን ከፏፏቴው መቅጠን ጋር አገናኝቶ ሁለቱንም በአንድ ቃል ወቀሰ፦ «ታዲያ የት ሄደ?»

እንግዲህ አንዳንድ ተቃዋሚዎች፣ ታሪክ ለማሳየት 550 ኪሎ ሜትር መንዳት ለምን አስፈለገ፣ ኮልፌ ራሷ ታሪክ የላትም ወይ ይላሉ። አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የወታደርነት ትምህርት የተማረው እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ሲሆን፣ ለስድስት ወር የታሰበውም ሥልጠና በጥቂት ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገሩ ተመልሶ እዚያ ተይዟል። ይህ ስፍራ ከቤት በታክሲ የሚደረስ፣ ፌስታል የማያስፈልገው፣ ማታ በገዛ አልጋ የሚያስተኛ በመሆኑ ለሕፃናት ጉብኝት ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ስለዚህም የኮልፌ ሰው በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ ልጁን ይዞ ቆሞ ሲያሳይ የታየ የለም። አንድ አባት ግን ከታክሲ መስኮት በጣቱ አመልክቶ ነገሩን ሲያስረዳ ተሰምቷል። ልጁ ማንዴላ ልጆቹን ይዞ መጥቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። አባት ጥቂት አስቦ፣ ልጆቹን በአገሩ ትቶ በድብቅ የመጣ ነው አለ። በዚህም ቃል መሠረት ማንዴላ ከፓኤዝ፣ ከብሩስና ከቺዝማን ተርታ ተመዝግቧል፤ እናትየው ደግሞ ለመጪው ጥምቀት ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ እንደሚበቃ ከሾፌሩ ጋር ዋጋ ተነጋግራ ጨርሳለች።