ዲስክ ወይስ ሼል? በነቀምቴ ጀበና ላይ የተደረገ ምርምር

አንድን ከርቭ በዘንግ ዙሪያ አዙሮ የሚወጣውን ቅርጽ ይዘት ለማስላት መጻሕፍት ሁለት ዘዴ ያውቃሉ፤ ተማሪ ሦስት ያውቃል። አንደኛው ዲስክ ነው፤ ቅርጹን ለዘንጉ አግድም እየሸረከቱ ስስ ክቦቹን መደመር። መሃሉ ክፍት ሲሆን ዋሸር ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ ሮንዴላ ነው። ሁለተኛው ሼል፦ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ቀጫጭን ቱቦዎችን መደመር። ሦስተኛው ያለፈው ዓመት ፈተና ነው። በመጻሕፍት አልሰፈረም፤ ስርጭቱ ግን ከሁለቱም ይሰፋል።

በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ ላይ ግቢ አለው። ሻምቡ ይበርዳል። የፓይ ዋጋ ግን በሦስቱም ግቢ አንድ በመሆኑ፣ የዘዴ ምርጫን በአየር ንብረት ማሳበብ አይቻልም።

ከዜሮ እስከ 1 ያለውን «ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲቀነስ ኤክስ ኪዩብ» በዋይ ዘንግ ዙሪያ እናዙረው። የሼል ወገን ሁለት መስመር ጽፎ የፓይን 4/15 ያገኝና ቡናውን ያዛል። የዲስክ ወገን ኤክስን በዋይ ለመግለጽ ከኩቢክ ኢኩዌሽን ጋር ይታገላል፤ ይህ ሲጻፍም አልጨረሰም። በአንጻሩ ከዜሮ እስከ 2 ባለው «4 ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር» ሁለቱም 8 ፓይ ያገኛሉ። ይህ ውጤት ሁለቱንም ወገን ቅር አሰኝቷል።

መምህሩ «የትኛው ተለዋዋጭ እንደሚቀል አይታችሁ ምረጡ» ይላል። ተማሪው የሚመርጠው ፎርሙላው ትዝ ያለውን ነው። ደግሞም ፈተናው ራሱ «በሼል ዘዴ ፈልግ» ስለሚል፣ የምርጫ ጥያቄ በብዛት በሚጠናበት ቦታ ምርጫ የለም። አልፎ አልፎ «በፈለግከው ዘዴ» የሚል ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ነጻነት የተሰጠው ሁሉ ወጥመድ ይፈልጋል።

ዮሐንስ ኬፕለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1613 ሲያገባ፣ ወይን ሻጩ በርሜሉ ውስጥ ዘንግ ከትቶ ሒሳቡን ሲናገር ሰማና አላመነውም። በ1615 ስለ በርሜል ይዘት መጽሐፍ አሳተመ። የወለጋ ሙሽሮች በፋርሶ ጋን ላይ እስካሁን እንዲህ ያለ እርምጃ አልወሰዱም።

ወደ ርዕሳችን፣ ወደ ጀበናው እንመለስ። አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ ነው። በሼል ቢሄዱ ከአንገቱ የራቀው ቱቦ ሁሉ የሆዱን ጣሪያም ወለልም ይጠይቃል። በዲስክ ግን አንገትና ሆድ የሚገናኙበት ላይ ኢንተግራሉን ለሁለት መክፈል ይበቃል፤ ሸክላው ብቻ ከተፈለገ ሮንዴላ አለ። ስለዚህ ለጀበና ዲስክ ተመርጧል።

የቀረው እጀታው ነው፤ በጀበናው ዘንግ ዙሪያ አይዞርም። የእስክንድርያው ፓፑስ ለእንዲህ ያለ ቀለበት መላ ቢተውም፣ አራተኛ ዘዴ መጨመር ተማሪን ማስጨነቅ ነው። አጥኚው እጀታውን ሰብሮ ሥራውን ለመቀጠል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የጀበናው ባለቤት አልተስማሙም።