ውሻ አይገባም

ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የከተማው ፎቆች ከሩቅ እየታዩ፣ የዝሆን ጥርስ የተቃጠለበት ቦታ አለ። በ2016 ሚያዝያ ላይ ከ100 ቶን በላይ ጥርስ ተከምሮ እሳት ተለቀቀበት። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ፤ ተረቱ የኬንያ ነው።) ከዚያ ወዲህ አራዊቱ ስለ ክልከላ ሲመክሩ የሚቀመጡት እዚያው አመዱ ላይ ነው። ሰው ብር የሚያወጣ ነገር በገዛ እጁ ሲያነድ ያዩት እዚያ ብቻ ነዋ።

አንድ ሌሊት ጉባኤ ተጠራ። ያስጠራው አንድ ቀጭን ውሻ ነው። ኬረን በሚባል የናይሮቢ ሰፈር የሚኖሩ ፈረንጆች ከባሕር ማዶ ይዘውት የመጡ፣ ግሬይሀውንድ የሚባል ዘር ነው፤ በአጥሩ ሾልኮ ፓርክ ገባና አያ አንበሶ ፊት አቀረቡት። ደረቱ ሰፊ፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ የኋላ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ የተጠገነ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለው አያ አንበሶ።

«ሯጭ ነበርኩ ጌታዬ።»

«ማንን ልትበላ?»

«ማንንም። ከፊቴ ጥንቸል ነበረች፤ ጥንቸል ግን አልነበረችም። ጨርቅ ለብሳ በሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የምትነዳ ነገር ናት። አንድም ቀን ደርሼባት አላውቅም።»

ጉባኤው ሳቀ። አቦሸማኔዋ ብቻ አልሳቀችም። ውሻው ቀጠለ፦ ስድስት ሆነው ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንደሚከተቱ፣ በሩ ብድግ ሲል ሁሉም ወደ መጀመሪያው ኩርባ እንደሚጎርፉ፣ አጥንት የሚሰበረውም እዚያ ኩርባ ላይ እንደሆነ ነገራቸው። በአራት ዓመቱ አርጅተሃል ተብሎ ወጣ። እሱ ደግ ቤት ገጠመው፤ አብረውት ከሮጡት ግን ያልገጠማቸው ብዙ ናቸው። አሁን በየአገሩ የውሻ ሩጫ ይከልከል አይከልከል የሚል ክርክር እንዳለም ሰምቷል። ፍሎሪዳ በ2018 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በ2020 ማብቂያ አቆመችው፤ ኒውዚላንድ በ2024 ታኅሣሥ ላይ እንደምትዘጋው አስታወቀች፤ የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ2016 ከለከልኩ ብላ ሦስት ወር ያህል ቆይታ ቃሏን አጠፈች።

«የናንተን ሐሳብ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

አቦሸማኔዋ ተነሣች። «ልጄ፣ እኛም ቀምሰነዋል። ጋንዳር ዳወር የሚባል እንግሊዛዊ ሬይመንድ ሁክ ከሚባል የዚህ አገር ሰፋሪ ጋር ሆኖ 12 ዘመዶቻችንን ከኬንያ ወደ እንግሊዝ ወሰደ። በ1937 ሮምፎርድ በሚባል ሜዳ፣ ያንተ ወገኖች በሚሮጡበት፣ የውሸት ጥንቸል ከፊታቸው ለቀቁባቸው። ካንተ ዘር እኛ እንፈጥናለን፤ ይህን አንተም አትክድም። ግን ዘመዶቼ ለውድድር ልብ አልነበራቸውም። አንዱ ከቀደመ ሌላው ምን አስሮጠኝ ብሎ ይተዋል። አንዲቷ ሄለን ትባል ነበር ይላሉ።» (ለእኛ ጆሮ የሰፈር ልጅ ስም ነው፤ እንግሊዞቹ ይህን አላወቁም።) «በቶሎ ሰለቿቸውና ቀረ። እኛን ያዳነን አዋጅ አይደለም፤ ገንዘብ አለማምጣታችን ነው።»

ከንጎንግ መንገድ የሩጫ ሜዳ የመጣው ፈረስ ጉሮሮውን ጠረገ። እሑድ እሑድ ይሮጣል፤ ጸጉሩ ተበጥሮ ያብረቀርቃል። «እማማ፣ ነገሩን አታክርሩት። እኔ ስሮጥ ደስ ይለኛል። ገብስ አለኝ፣ ሐኪም አለኝ፣ ጫማዬን የሚመታልኝ ሰው አለ። ነገ ከተከለከልን ማን ይቀልበኛል? ባልደራሱስ ልጆቹን በምን ያሳድጋል? ዛሬ ውሻ ከተከለከለ ነገ ፈረስ ነው።»

ፈረሱ ፈርቶ እንጂ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። እንጀራው ያለበትን ነገር የሚከላከል ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው።

እመት አህዪት መለሰችለት። ከውኃ ጋሪ ተፈትታ ነበር የመጣችው፤ ትከሻዋ ላይ ቆዳው ተልጧል። «እኔን ስሙኝ። ቆዳዬ ቻይና ሄዶ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በዚህ አገር አራት ቄራ ተከፈተልኝ። በ2020 መንግሥት ከለከለ፤ እልል አልኩ። በ2021 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው፤ እልልታዬን ዋጥኩት። በ2024 የካቲት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ለቆዳዬ መታረዴ በአህጉሩ ሁሉ ይቁም አሉ፤ እንደገና እልል አልኩ። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ጋሪው ከላዬ አልወረደም። ያው ጀሪካን፣ ያው ዳገት። የውሻው ሩጫ ይከልከል፤ እኔም እጄን አወጣለሁ። ግን በከለከላችሁበት ቀን ማታ እራቱን ማን እንደሚሰጠው አብራችሁ ጻፉ።»

ይህን የጻፈላት አልነበረም። ጉባኤ ሲመሽበት የሚዘለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከሣሩ ሥር ጥንቸል ብቅ አለች። «እኔስ? መጀመሪያ የታዘነላት እኔ ነኝ። ድሮ ውሻ የሚያባርረው እውነተኛ ጥንቸል ነበር፤ ደርሰው ይቦጫጭቁን ነበር። ኦወን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህ ዘገነነውና በ1919 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤመሪቪል ላይ በሐዲድ የምትሮጥ የውሸት ጥንቸል ያለበት ሜዳ ከፈተ። እኛ ተረፍን። ሜዳው ግን አልተዘጋም፤ እንዲያውም በ1926 ማንችስተር ገባ፣ ከዚያ ባሕር እየተሻገረ ሄደ። ለእኔ ሲታዘን ውሻው ተያዘ። ለውሻው ሲታዘንስ ተራው የማን ነው?»

ጥያቄው ለማንም አልተመቸም። ሁሉም ዞሮ አያ ጅቦን አየ፤ የፓርኩ አቋማሪ እሱ ነዋ። ማን ቀደመ፣ ማን ወደቀ፣ በማን ላይ ስንት ተያዘ፣ መዝገቡ እሱ እጅ ነው። የእኛ አገሩ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ነው፤ የናይሮቢው በሚያውቁት አገር ወንበር አስመጥቶ ይቀመጣል። ይቃወማል ብለው ሲጠብቁት እንባውን ጠረገ።

«ይከልከል» አለ። «ዛሬውኑ ይከልከል! ደምና አጥንት ያለው ፍጡር ለጨዋታ ብሎ እግሩ መሰበር የለበትም። ይህን ለመናገር እስከ ዛሬ መቆየቴ ራሱ ያሳፍረኛል።»

አዋጁ በጭብጨባ አለፈ። ውሻው አለቀሰ። እመት ጦጢት ግን አላጨበጨበችም፤ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ኦቾሎኒዋን ትፈለፍል ነበር።

«ነገ ጠዋት ከተማ እወስድሃለሁ» አለችው ውሻውን።

ሪቨር ሮድ አካባቢ አንድ ደረጃ ወጡ። ከላይ ጠባብ ክፍል አለ፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ከሽቦ ወንፊት ኋላ፣ ግድግዳው ላይ አራት ቴሌቪዥን። ውሻው ከበሩ ላይ ሆኖ ቀና ሲል ስድስት ውሾች ሳጥን ውስጥ አየ፤ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ለብሰዋል። በሩ ብድግ አለ።

«እነዚህ የየት አገር ናቸው?»

«የትም። ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚኖሩት።»

«ኩርባው ላይ አይሰበሩም?»

«አይሰበሩም፣ አይበሉም፣ አያረጁም። በየጥቂት ደቂቃው እንዲህ ሲሮጡ ይውላሉ። አያ ጅቦ ለምን እንዳለቀሰልህ ገባህ?»

(አዲስ አበባም ቤቲንግ ቤት ጎራ ያለ ሰው እነዚህን ውሾች በቁጥራቸው ያውቃቸዋል።)

ፊተኛው ወንበር ላይ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ተቀምጧል። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሷል፣ የራስ ቁሩን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ቲኬቱ ላይ 4 ቁጥር ተጽፏል። ውሻው ቴሌቪዥኑን ትቶ እሱን ማየት ጀመረ። የሳጥኑ በር ከመከፈቱ በፊት የልጁ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። ይህን መንቀጥቀጥ ውሻው ያውቀዋል፤ ከጭኑ ተነሥቶ ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነው። ኩርባው ላይ የልጁ አንገት አብሮ ዘመመ። አፉ ተከፍቶ ያለከልካል። ቁጥር 4 በአፍንጫ ተቀደመ። ልጁ አልተነሣም፤ ስልኩን አውጥቶ ከኤምፔሳ ላይ ቤንዚን ሊገዛበት የያዘውንና ማታ ለሞተሩ ባለቤት የሚያስረክበውን ላከ። የሚቀጥለው ሩጫ ደረሰ። ጉልበቱ እንደገና ጀመረ።

ይህን ጊዜ ጥበቃው ዱላውን ይዞ መጣ። «ሂድ! ውሻ አይገባም!»

ሲመሽ ሁለተኛ ጉባኤ ተጠራ። ውሻው ያየውን ተናገረ። «ቀድሞ እኔ የቆምኩበት ሳጥን ውስጥ አሁን እሱ ነው ያለው» አለ። እመት ጦጢትም መሰከረች፦ በ2019 መንግሥት 27 የውርርድ ድርጅቶች ፈቃዳቸው እንዳይታደስ አድርጎ ነበር፤ ደረጃውን የሚወጣው ሰው ግን ዛሬም አላነሰም፤ ደረጃ መውጣት የሰለቸውም በስልኩ ይጨርሰዋል።

አያ ጅቦ ተነሣ። የትናንቱ እንባ የለም። «ምን ተደረገ? ልጁን ማን ጎተተው? መሮጥ ይወዳል፤ ዐይኑን እዩት፣ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በእኔ ቤት ስንት ሰው እንጀራ ይበላል! ገንዘብ ተቀባይዋ አለች፣ ጥበቃው አለ፣ ግብር አለ። ብንዘጋው በድብቅ ይሮጣል፤ ያኔ የባሰ ነው።»

ውሻው ጆሮውን አቆመ። «ይህን ንግግር አውቀዋለሁ» አለ። «ከመጣሁበት አገር ባለቤቶቼ ስለ እኔ የተናገሩት ነው። ‹ውሻው› የሚለው ላይ ‹ልጁ› ገባ እንጂ ሌላው ቃል በቃል ያው ነው።»

ፈረሱ አንገቱን ደፋ። ንግግሩ ውስጥ የራሱንም ድምፅ ሳይሰማ አልቀረም።

አያ አንበሶ ጺሙን አሻሸ። «ነገሩ ከባድ ነው። ነገር ግን ይህ ጉባኤ የአራዊትና የእንስሳት ነው፤ በሰው ላይ ሥልጣን የለንም። ሰው የራሱ ጠባቂ ያቁምለት።»

«እኛ እንኳ የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር አለን» አለች እመት አህዪት። «የተጎዳን አህያ ያነሣሉ። ለዚያ ልጅስ እንዲህ ያለ ማኅበር ማን ያቁምለት?»

ዝም ተባለ። ከኋላ ረድፍ አንድ እጅ ተነሣ፤ የአያ ጅቦ ነው። «ቢሮውን እኔ እከራያለሁ» አለ፤ «ሰብሳቢ ከጠፋም ግድ የለም፣ እኔው እሆናለሁ።»