የቆመ ትራክተርን ለዘለቄታው ማቆሚያ መመሪያ

ሰኔ ገብቷል። የአዘና ቀይ አፈር ዝናብ ጠግቦ ለስልሷል፤ ትራክተር የሚከራዩት ገበሬዎችም "እኔ ከእገሌ በፊት ነኝ" እየተባባሉ ወረፋ ይዘዋል። በዚህ መሐል የእርስዎ ትራክተር ማሳው መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይደንግጡ። ትንሽ ብልሽት ካልተጠነቀቁለት ነገ ጠዋት ሊስተካከል ስለሚችል ዛሬውኑ በወጉ ማባባስ ያስፈልጋል። የሚከተሉትን ምክሮች ያከበረ ሰው ትራክተሩ እስከ መስቀል ካለበት እንደማይነቃነቅ እርግጠኛ መሆን ይችላል።

አንደኛ፦ ችግሩን አይለዩ።

ሞተሩ አልነሣ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጎማው አልዞር ማለቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ናፍጣ፣ አየርና ባትሪ ናቸው፤ ሁለተኛው ከሆነ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬን። ይህችን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሰው የፍለጋውን ግማሽ ተገላገለ ማለት ነው፤ ስለዚህ አይጠይቁ። እንጅባራ ላለው መካኒክ ሲደውሉም "ተበላሸ፤ ቶሎ ና" ብቻ ይበሉት። "ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ምን ድምፅ አሰማ?" ማለት ከጀመረ ስልኩን ይዝጉበት። አለዚያ ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ሊመጣ ነው።

ሁለተኛ፦ ጉባኤ ይጥሩ።

አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ትራክተር ሳይኖር ነው። ዛሬ መጠምጠሙ ይቀድማል። ከመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ሰብስበው አንዱ ፖምፓው ነው፣ አንዱ ቴስታታው ነው፣ አንዱ ዐይን በልቶት ነው እያለ ሲከራከር ይዋሉ። በደርግ ዘመን በአየሁ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ አባት ከመሐሉ ካሉ ግን ይጠንቀቁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች "ልጄ፣ ናፍጣ አለው ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። "አባባ፣ ይሄኛው እኮ ዘመናዊ ነው" ብለው በአክብሮት ከጥላው ሥር ያስቀምጧቸው።

ሦስተኛ፦ በእጅ የሚነካውን ሳይነኩ በቁልፍ የሚፈታውን ይፍቱ።

በብዙ ትራክተሮች ላይ ሞተሩ የሚጠፋው አንዲት እጀታ በመሳብ ነው፤ እጀታዋ እንደተሳበች ከቀረች ናፍጣ አያልፍም፤ ሞተሪኖው እስኪቃጠል ቢያዞሩት ሞተሩ አይነሣም። በብዙ ማሲ ፈርጉሰኖች ላይ ደግሞ ሁለት የማርሽ እጀታ አለ፤ አንዱ ማርሹን ይመርጣል፣ ሌላው ከባድና ቀላል ያደርገዋል። ሁለተኛው መሐል ላይ ከተቀመጠ የመጀመሪያውን የትም ቢያስገቡት ትራክተሩ ንቅንቅ አይልም። የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ መቅረቱም አለ፤ የናፍጣው መክፈቻ በልጅ እጅ መዘጋቱም አለ። እነዚህን ሁሉ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ በአምስት ደቂቃ የተገኘ ብልሽት ምን ክብር አለው? በቀጥታ ካምቢዮውን ያስወርዱ።

አራተኛ፦ ናፍጣውን እንደመጣ ይቅዱት።

ትናንት ውሃ የተቀዳበት ጀሪካን ይበቃል፤ ማጥለያ ጨርቅ የፈሪ ነው፤ ዝናብ እየዘነበም መቅዳት ይቻላል። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ሰልባትዮው ግርጌና ፊልትሮው ሥር ይቀመጣል። ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርገው ውሃውን ቢያስወጡት ነገሩ እዚያው ስለሚያልቅ ማፍሰሻዋን ዝገት እስኪጨርሳት አይንኳት።

ናፍጣው አልቆ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ አየር ወደ መስመሩ ይገባል። ልምድ ያለው ሰው እንደገና ከቀዳ በኋላ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ያላላል፤ በእጅ መግፊያዋ እየገፋ አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ ሲመጣ መልሶ ያጠብቃታል። እርስዎ ግን ባትሪው እስኪሞት ሞተሪኖውን ያዙሩት። ከዐሥር ሰከንድ በኋላ ማሳረፍ የሚባለውን ምክር አይስሙ።

ይህም አልበቃ ካለ ፖምፓውን ይፍቱት። በውስጡ ያሉት ክፍሎች እርስ በርስ የሚገጥሙት በሚሊ ሜትር ሺኛ በሚለካ ክፍተት ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃቸዋለች። በመሆኑም ማሳው ላይ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ ነፋስ ሲነፍስ ይፈቱ። የተረፈውን ብሎን ኪስዎ ይክተቱት፤ ፋብሪካው አብዝቶ ነው።

ከፖምፓው ወደ ኖዝል የሚሄደው ቱቦ የሚያንጠባጥብ ከመሰለዎት ሞተሩ እየሠራ በጣትዎ ይዳስሱት። የመኪና ጎማ ሁለት ሦስት ባር አየር ይይዛል፤ እዚህ ያለው ናፍጣ ግን ወደ 200 ባር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ስለሚያህል "እሾህ ነው" ብለው ሥራዎን ይቀጥሉ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው እጁን ሊያተርፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ቱቦ ለመዳሰስ ይመጣል።

አምስተኛ፦ በካቻቢቴ ያስነሡ።

ብዙ ትራክተሮች ማርሹ ዜሮ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይሠራ የሚከለክል ማብሪያ አላቸው። ይህ ለሹፌሩ ያለመተማመን ምልክት ነው። መሬት ቆመው የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች በካቻቢቴ ያገናኙ። ለዚህ የሚቆሙት ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ነው፤ ማርሹ ገብቶ ከነበረ ትራክተሩ ሰው ሳይቀመጥበት ወዲያው ይንቀሳቀሳል። አልንቀሳቀስ አለ ሲሉ የነበሩት ሁሉ ያፍራሉ፤ እርስዎ ግን ውጤቱን ላያዩት ይችላሉ።

ስድስተኛ፦ ፍሪሲዮኑን ያቃጥሉ፤ ከዚያ ትራክተሩን ለሁለት ይክፈሉት።

ቀኑን ሙሉ እግርዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ያርሱ። ሽታው ሲመጣ ሙዚቃውን ከፍ ያድርጉ። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ባዶ መንገድ ሲጠፋ ዲስኩ በደንብ ስለማይጨበጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። በሁለት ቁልፍ ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜ ሳለ አይንኩት። ዲስኩ ካለቀ በኋላ ግን የትራክተሩን ወገብ ፈትቶ የፊቱንና የኋላውን ማለያየት ግድ ይሆናል። ይህን ሥራ በክሪክና በእንጨት መደገፊያ ሳይሆን በተደራረበ ድንጋይ ላይ ቢያደርጉት ሥሩ የሚገባው ልጅ ትጋቱ ይጨምራል።

ሰባተኛ፦ ጭቃ ውስጥ ከገባ ያስቆጡት።

አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ እየዞረ ሌላው ዝም ካለ ሁለቱን አስሮ እኩል የሚያዞር ፔዳል አለ፤ ብዙ ጊዜ ከቀኝ ተረከዝ አጠገብ ነው። እዚያ ያለችው ምን እንደምትሠራ ሳይጠይቁ ዓመታት ስላሳለፉ ዛሬም አይንኳት። ጋዝ ይስጡ፤ ጉድጓዱ አክሱሉን እስኪውጥ ይቆፍሩ። ከዚያ ሌላ ትራክተር ጠርተው የሚጎትተውን ሰንሰለት ከፍ አድርገው ከጎታቹ ትራክተር መቀመጫ በታች ካለው የላይኛው ማያያዣ ላይ ይሰሩት። ከታች ካለው መጎተቻ ላይ ቢያስሩት ጎማዎቹ መሬት ይጨብጣሉና አስደሳች ነገር አይፈጠርም። ከላይ ካሰሩት ግን አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ሳያስብ ትራክተሩ በላዩ ይገለበጣል።

ስምንተኛ፦ ከፈረስ የተማሩትን እቤት ይተዉ።

አዘና ያለበት አዊ ፈረስ አዋቂ ሀገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር የሚጋልበው ሰው ሁሉ ፈረሱ አልሄድ ቢለው ጅራፍ ከማንሣቱ በፊት ልጓሙን፣ የኮርቻውን ማሰሪያና ኮቴውን ያያል። ጠዋት ሳያየውም አይወጣም። ያው ሰው ትራክተር ላይ ሲወጣ ግን የዘይት መለኪያውን ሳይመዝ፣ የራዲያተሩን ውሃ ሳያይ፣ የአየር ፊልትሮውን አቧራ ሳያራግፍ ቁልፉን ያዞራል። ይህን ልዩነት ጠብቀው ያቆዩት፤ መካኒኮች የሚኖሩት በእሱ ነው።

ዘጠነኛ፦ መለዋወጫ በመልኩ ይግዙ።

በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ ፋብሪካ ቆሞ ቤላሩስ ይገጣጥም ነበር፤ ማሲውም፣ ጆን ዲሩም፣ የሕንዱም፣ የቻይናውም አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ ሲደረግ ደግሞ ዓይነቱ በዛ። ስለዚህ ትራክተሩ ላይ ከተለጠፈችው ሳህን ሞዴሉንና ቁጥሩን መጻፍ ድካም ነው። ሱቁ በር ላይ ቆመው በእጅዎ እያሳዩ "ይህን የሚያህል፣ እንዲህ የሚል" ይበሉ። ባለሱቁም "ይመሳሰላል" ይልዎታል። የማይገባውን በመዶሻ ያስገቡት። ትራክተሩን ሲገዙ የተሰጠዎት መጽሐፍ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ቆሎ ይጠቅልሉበት።

ዐሥረኛ፦ ይሽጡት።

እስከዚህ ከደረሱ መኸሩ አልፏል፤ ገበሬዎቹም በሬ ጠምደው ጨርሰዋል። ትራክተሩን አጥበው፣ ጎማውን ቀለም ቀብተው ገዢ ይጥሩ። "ስንት ሰዓት ሠርቷል?" ሲልዎት ቆጣሪውን በኩራት ያሳዩት፤ "ብዙ አልሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የኖረው" ይበሉት። በዚህ መመሪያ ውስጥ ከተመከሩት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው።