ደሃና ነኝ

«የት ነህ?» ብሎ የሚደውል ዘመድ ሁሉ ያደክመኛል። «ደሃና ነኝ» እላለሁ። «ተመስገን! አሁን የት ነህ ነው የምልህ?» «ደሃና!» «እሱንማ ሰማሁ እኮ!» አምደወርቅ ብዬ የወረዳውን ከተማ እስክጠራ ኔትወርኩ ይቋረጣል። መቼም ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ክረምቱ ደህና እየተባለ ካርድ በሚያልቅበት አገር፣ መሀል ላይ አንድ ወረዳ ሰምጦ ቢቀር ማን ያስተውላል?

ነገሩ ሲከነክነኝ ቃሉን መቆፈር ጀመርኩ። ደኅና የግእዙ «ድኅነ» ልጅ ነው፤ መድኃኒትም መድኃኔ ዓለምም ከዚያው ይወለዳሉ። ክኒኑም ጌታውም ከአንድ ግንድ! እንግሊዞችም ዛሬ ከብርቱ ሽማግሌ በቀር ለማንም የማይሉት «ሄይል» የሚባል ቅጽል አላቸው፤ ጤነኛ ማለት ነው። ሙሉ የሚሉበት «ሆል»፣ ጤና የሚሉበት «ሄልዝ»፣ ቅዱስ የሚሉበት «ሆሊ» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ታዲያ በድምፅ ከእሱ የማይለይ፣ በዘር ግን የማይዛመደው ሌላ «ሄይል» አለ፤ እሱ ደግሞ በረዶ ነው። የእንግሊዝ ገበሬ ቃሉን በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ ደመናውን ማየት ሳይኖርበት አይቀርም።

እኛስ መቼ ተሻልን? «ዋግ» ለእኛ ደሃናም ሰቆጣም ያሉበት አገር ነው፤ ለግብርና ባለሙያ የስንዴ በሽታ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ሲያወድም፣ «ዋግን እናጥፋ» ቢባል የሰቆጣ ሰው ምን አጠፋሁ ማለቱ አይቀርም።

የሚያናድደኝ ግን ቀልዱ ቢሮ ሲገባ ነው። አንድ የእርዳታ ዝርዝር ላይ «ደህና ወረዳ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ይታረም ስል ባለሙያው፣ «እናንተማ ደህና ናችሁ» ብሎ ሳቀ። በዚህ ከዋግ ሰው ጋር አይሳቅም! በ1977 ረሃብ የቀበርነው ሳያንስ፣ መንግሥት በ2007 የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው ለጌጥ መሰለው? ስማችን ለችግር ሲጠራ አንድ ፊደል አይጎድልም፤ እህሉ ሊጫን ሲል ነው ፊደሉ የሚጠፋው።

ይሁን፤ ሰውዬው ኋላ ሻይ ጋብዞኛል፣ ስኳሩንም አብዝቶልኛል። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ደኅናን በብዙኃኑ ኀ ይጽፉ ነበር፤ የእኛ ወረዳ በሃሌታው ነው። ዛሬ ሁሉም በአንዱ ይጻፋል። ፊደል በዛ፣ ይቀነስ የምትሉ ወገኖች፣ ሌላውን እንደፈቀዳችሁ፤ ኀን ግን ለደሃና ሰው ስትሉ አትንኩብን።